ሦስት ማዳመጫና አንድ ዝናብ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ሸራ ላይ ዘርግቶ፣
ቻርጀሩን ከካልሲ፣ ከመላጫ አጋብቶ፣
ይመር ይጠራኛል፦ «ነይ እስቲ እህቴዋ፣
ሦስቱንም ሞክሪ፣ መስማት በነጻ ነዋ!»
ስድስት መቶ ብር አለኝ ከቦርሳዬ ሥር፣
ወደ ኮምቦልቻ መሳፈሪያዬን ሳልቆጥር።

ይመር በስልኩ ውስጥ አንድ ዘፈን አለው፣
ለመጣ ሁሉ እሱን ነው የሚከፍተው፤
ከበሮ ብቻ ነው። በከበሮማ
የጣሳ ክዳንም ያገኛል ግርማ።
እኔ የራሴን ነው ይዤ የመጣሁት፣
ባለፈው ክረምት በስልኬ የቀዳሁት፦
የቤታችን ቆርቆሮ፣ ሌሊት፣ ያ ዝናብ፣
ሲያባራ ደግሞ ከባልዲው ጠብ... ጠብ።

ቀዩ ይቀድማል፤ ጠርዙ ወርቅ ቅብ፣
እንደ ሰርግ በቅሎ፣ መልኩ የሚያጠግብ።
ሰካሁት፤ ዝናቤ ዝናብነቱ ቀርቶ
ዘይት ሆኖ ተንጫጫ፣ ሽንኩርቱን አይቶ።
ጠብ ጠቡማ ጭራሽ፣ ድራሹም የለም፤
ይመር፣ ጆሮ እኮ አይገባውም ቀለም።

ሁለተኛው ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ትራስ ለበስ፣
ነጎድጓዱን ይዞ የሚያወርደው እስከ ደረት ድረስ።
እውነት ለመናገር ወደድኩት። ሻሼ ግን...
ከላዩ ሳደርገው ይንሸራተታል፤
ከሥሩ ሳደርገው መርፌዬን ተጭኖ አጥንቴን ይወጋል።
አምስት ደቂቃ ነው፤ ጆሮዬ እየጋለ፣
«ይሰፋል፣ ይለምዳል፣ ወላሂ» እያለ
ይመር ይምልልኛል። አምና ጫማ ነበር እዚሁ ላይ ንግዱ፤
ዕቃው ተለወጠ፣ መሐላው ያው አንዱ።

ሦስተኛው... እንጃ። ግራጫ፣ ስፖንጁ የሳሳ፣
የክሊኒክ ወንበር የመሰለ፣ ልብ የማያነሣሣ።
ግን ይታጠፋል፤ ከምሳ ዕቃዬ ጎን ይገባል። ከሻሼም ሥር
መኖሩ አይታወቅ፤ ታዲያ ውበቱ ለማን ሊያምር?
ድምፁ ነው፣ ያ ድምፁ፤ ደብዛዛ፣ የራቀ፣
ከጎረቤት ጣሪያ ዝናብ የወደቀ።
ጠብ ጠቡን ፈለግኩት፤ አለ አይባልም፣
የለምም አይባልም።
አምስት መቶ ብሎ፣ አራት መቶ ላይ ቆመ፤
ገዛሁት፣ ልቤ ሳይወስን፣ እጄ እየቀደመ።

ሚኒባሱ ሐረጎን ቁልቁል ሲጠማዘዝ፣
ብርዱን ለደሴ ትተን ወደ ሙቀት ስንጓዝ፣
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጆሮዬ ጧ! አለ፤
ዝናቡም ከጎረቤት ወደ ቤቴ ዘለለ።
አሸንዳው፣ በርሜሉ፣ ሁሉም በየቦታው፣
መጨረሻም ጠብ... ጠብ፣ ባልዲው ሲቀበለው።
ለካ ጠዋት ሽቅብ ስወጣ የተደፈነ ጆሮ
ይዤ ነው ስፈርድ የዋልኩት፤ በደለኛው ዳኛው ኖሮ!
ቀዩንም በድዬው ይሆን? አላውቅም።
ይግባኝ ለመስማት ግን ሐረጎን ሽቅብ አልመለስም።

ከጎኔ አንድ አባት፣ ጋቢ ደራርበው፣
«ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ፣ ፊቴን ተመልክተው።
ከሻሼ ሥር አውልቄ ሰጠኋቸው።
በሁለት እጃቸው ያዙት፣ እንደሚሰበር ነገር።
ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ አልሰሙም።
«ዝናብ ነው» አልኳቸው።
«ዝናብነቱንማ አወቅሁት» አሉ፣
«የሰኔ አይደለም ግን። ሰኔ ችኩል ነው፣ ሩጫ ነው አመሉ።
ይሄ የጠገበ ነው፣ ረግቶ የሚጥል፤
ነሐሴ ነው። ጤፍ በቅሎ፣ አረም ገና ሳይነቀል።»

ስልኬን አየሁ፣ ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር መለስኩት፦
ነሐሴ አሥራ አራት።

ዝም አልኩ። የይመር ከበሮ ስንት ገዢ አታሏል፤
እኚህ ሰው በአራት መቶ ብር ወሩን ለይተዋል።
መለሱልኝና ደግሞ አገላብጠው አዩት፤
«መልኩ ግን...» አሉና፣ ቀሪውን ዋጡት።

ሻሼን ሳብ አድርጌ መልሼ ሸፈንኩት።
ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይ ነበር፣ የጥር አቧራ፣
ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባጃጅ ሲንጫጫ፣
እኔን ግን፣ ከመናኸሪያው በር ቆሜ፣
ጃንጥላ አማረኝ።